የወይዘሮ ወለተ እስራኤል ትውልድ

የሞጣን ቅዱስ ጊዮርጊስ የተከሉት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለአገሩ እንግዳ ነበሩ። እናታቸው የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ፥ አባታቸው ምልምል ኢያሱ ናቸው። እቴጌይቱ ከ1723 ዓ.ም. ጀምሮ ከልጃቸው ከዐፄ ኢያሱ ጋራ መንግሥቱን ይዘው ነበርና፥ ልጃቸው ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ። ደብሩንም ተክለው ለካህናቱ መሬት ደለደሉ፤ ከተማው በደብሩ ዙሪያ አደገ።

ከዮሴዴቅ ራስ ኃይሉን ወለዱ። የራስ ኃይሉ ሴት ልጅ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ወለዱ፤ እሳቸውም በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት፥ ጋራ ሲዋጉ ወደቁ። ጎሹ ተሰማን፥ ተሰማ አዳልን ወለዱ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነግሠው በ1893 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጃቸው የራስ ኃይሉ ስም ከፊተኛው ራስ ኃይሉ ጋራ አንድ ነውና ብዙ ሰው ያደናግራል። የዚህ ቤት ግዛት በኋለኛው ራስ ኃይሉ እስራት በ1924 ዓ.ም. ተፈጸመ።

የትውልዱ ሐረግ ሁለት ጊዜ በሴት እንደ ተላለፈ ልብ ይሏል። በወንድ ብቻ የሚቆጥር ሰው ከዘውዴ ቤት ሳይወጣ ይቀራል፥ ጎንደርንም አያገኝም። ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው ገበሬም ርስቱን በአባቱም በእናቱም እየቆጠረ ከአቅኚው አባት ያደርስ ነበር። በዳኛ ፊት አንዲት አያት የዘነጋ እርሻውን ያጣ ነበር። ስለዚህ ሽማግሌ የሴቶቹን ስም ከወንዶቹ ይልቅ አጥብቆ ይይዝ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ ክርክር ቀረ፤ የአያቶቹም ስም ከሽማግሌዎቹ ጋራ ወደ መቃብር መውረድ ጀመረ።