ካረን ባስ

ካረን ባስ (እ.ኤ.አ. 1953 ተወለዱ) ከ2011 እስከ 2022 ሎስ አንጀለስን ወክለው በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ያገለገሉ ፖለቲከኛ ናቸው። በሕክምና ረዳትነት ከሠሩ በኋላ በ1990 ኮሚዩኒቲ ኮአሊሽን የተባለውን የሰፈር ድርጅት መሠረቱ። በ2004 ለካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ2008 አፈ ጉባኤው ሆኑ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት የክልል ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስትሆን በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባስን የሚያስታውሷቸው ኢትዮጵያን በሚመለከተው በኤችአር 128 ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክሪስ ስሚዝ ያቀረቡትን ይህን የውሳኔ ሐሳብ ባስ ደግፈውታል። ሰነዱ በኢትዮጵያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲነሳ፣ የታሰሩ ተቃዋሚዎች እንዲፈቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች እንዲገቡ ይጠይቅ ነበር። ኤፕሪል 10 ቀን 2018፣ ዐቢይ አሕመድ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቃለ መሐላ በፈጸሙ በስምንተኛው ቀን፣ ጸደቀ። የሕግ አስገዳጅነት ባይኖረውም የዳያስፖራው የረጅም ጊዜ ውትወታ ፍሬ በመሆኑ ክብደቱ ከፍተኛ ነው።

ባስ ከ2019 እስከ 2022 የተወካዮች ምክር ቤቱን የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ መርተዋል። በዲሴምበር 2022 የሎስ አንጀለስ ከንቲባ ሆኑ፤ በዚህ ሥልጣን የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።