«መስመሩ ነፃ ነው ወይ?»

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኞች የከፈተው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። የአዲስ አበባ ተራ የደረሰው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። በ07 የሚጀምር የሳፋሪኮም ስልክ በ09 ወደሚጀምር የነባሩ ኩባንያ ስልክ ሲደውል፣ ባለቤታቸው የተለያየ ሁለት መረቦች እርስ በርስ መግባባት ግድ ሆነባቸው። ይህ በድሬዳዋ መጀመሩ ደስ ይለኛል። ከተማዋ ራሷ የመስመር ልጅ ናትና።

ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ሲደርስ ይህች ከተማ አልነበረችም። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራው አስቸጋሪ ወጪውም ከባድ ስለሆነ ጣቢያው ከታች ቀረ፤ ዙሪያውን ድሬዳዋ በቀለች። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተካና ባቡሩ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሐዲዱ ነጠላ ነበር። ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ነጠላ ሐዲድ ደግሞ የትም አገር ቢሆን የሚሠራው በጥብቅ ሥርዓት ነው። በድሮው አሠራር የጣቢያው ሹም ባቡር ከመልቀቁ በፊት ቀጣዩን ጣቢያ በቴሌግራፍ ወይም በስልክ «መስመሩ ነፃ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «ነፃ ነው» የሚል መልስ እስኪመጣ ባቡሩ ይቆማል። ሲደርስም ያኛው ጣቢያ መድረሱን መልሶ ያሳውቃል። ዝምታ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮቶኮል የምንለው ይኸው ነው፦ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ መልስ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መስማማት። የኮምፒውተር ሊቃውንቱ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ሐሳብ ኮምፒውተሮችን እንዲህ ያነጋግራል። ከእሱ የወጣው ቲሲፒ መልእክት ከመላኩ በፊት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፦ «ልላክ?»፣ «ላክ፤ እኔም ልላክ?»፣ «እሺ»። ከዚያ ጽሑፉን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ተራ ይሰጠዋል። «ደረሰኝ» የሚል ማረጋገጫ በጊዜው ካልመጣ ያንኑ ቁራጭ ደግሞ ይልካል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንዲት ተማሪ በስልኳ ድረ ገጽ ስትከፍት፣ ዲኤንኤስ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ ይለውጥላታል። ኤችቲቲፒ የትኛው ገጽ እንደተፈለገ ይናገራል። ቲሲፒ ሁሉም በተራው መድረሱን ይቆጣጠራል። ከሥሩ ያለው አይፒ አድራሻውን ብቻ አይቶ ቁራጩን ወደሚቀጥለው መስቀለኛ (ራውተር) ያሻግራል፤ ስለ መድረሱ ምንም ቃል አይገባም፣ የውስጡንም አያነብም። ከሁሉም በታች የማማው ሬዲዮና የመሬቱ ፋይበር አሉ። አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ ስለማይገባ የታችኛው ሬዲዮ ከሁለተኛ ትውልድ ወደ አራተኛ ትውልድ ሲቀየር የላዩ እንደነበረ ይቀጥላል። አገራችን በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ስትጀምር የተቀበለችው ይህንኑ ስምምነት ነው።

ስልክም የራሱ ሥርዓት አለው። ከ07 ወደ 09 ሲደወል ከድምፁ ቀድሞ የሚሻገረው የጥሪው ምልክት ነው፦ ማን ይደውላል፣ ወደ ማን፣ ጠራ ወይስ ተይዟል፣ ተነሳ ወይስ ተዘጋ። ሒሳቡም የሚታሰበው ከዚህ ነው። ሳፋሪኮም የመራው ማኅበር በ2013 ዓ.ም. ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ነገር ግን ሁለቱ መረቦች በዚህ የምልክት ቋንቋ ባይገናኙ ያ ሁሉ ገንዘብ ደንበኛውን ከራሱ ኩባንያ ሰዎች ጋር ብቻ ባነጋገረው ነበር። ስለዚህ መረቦችን የማገናኘት ግዴታ በሕግ መደንገጉ ትክክል ነው እላለሁ።

መግባባት ሲጎድል ምን እንደሚመስል ድሬዳዋ በሐዲዷ ታሳያለች። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ኤሌክትሪክ ባቡር 1.435 ሜትር። ከአሮጌው የመጣ ፉርጎ በአዲሱ ላይ አይሄድም፤ ዕቃው ወርዶ እንደገና መጫን አለበት። አዲሱ ጣቢያም ከመሀል ከተማው ርቆ ነው የተሠራው። የተማሪዋ ቁራጭ መልእክት ግን ከሬዲዮ ወደ ፋይበር ሲገባ ራውተሩ የታችኛውን መጠቅለያ ይቀይርለታል፤ አይፒ የጻፈበት መድረሻ አድራሻ እንዳለ ሆኖ ጉዞውን ይቀጥላል።