መድኃኒትን የለመዱ ተሐዋስያን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ከሚሴን ያገኛታል። በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ሕመሙ ሲጠናበት ወደ ደሴ፣ የባሰበትም እንደ ሆነ ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል። በደረሰበት ሁሉ ተስፋ የሚያደርገው መድኃኒቱ እንዲያድነው ነው። ዛሬ የምናወሳው ግን መድኃኒቱ ራሱ ኀይሉን ስለሚያጣበት ምክንያትና ስለ ታሪኩ ነው። ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 በለንደን ከተማ ነበር። መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ፣ በ1940 አብርሃምና ቼይን የተባሉ የኦክስፎርድ ሊቃውንት ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ።

ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል በንግግሩ አንድ ምሳሌ አቀረበ። ይኸውም ጉሮሮውን የታመመ ሰው በራሱ ፈቃድ ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ብቻ ይወስዳል፤ ተሐዋስያኑም ሳይሞቱ መድኃኒቱን ይለምዱታል። በሽታው ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርስዋም በፔኒሲሊን ብትታከም ሳትድን ትሞታለች። ለሞትዋም ተጠያቂው መድኃኒቱን በቸልታ የወሰደው ባልዋ መሆኑን ፍሌሚንግ ገለጸ።

የነገሩም አካሄድ እንዲህ ነው። እጅግ ከበዙት ተሐዋስያን መካከል በተፈጥሮ ለውጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይገኛሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል እነዚህ ተርፈው ይራባሉ፤ ችሎታቸውንም ለሌሎች ያካፍላሉ። ፔኒሲሊን ያልበገረውን ባክቴሪያ ለማጥፋት መቲሲሊን የተባለ መድኃኒት ቢሠራም፣ ይህንኑ የሚቋቋም ባክቴሪያ በ1961 በእንግሊዝ አገር መገኘቱ ተገለጸ።

ይህም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከ2003 እስከ 2007 ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት ሕፃናት አንዳንዶቹ፣ ሳልሞኔላ ኮንኮርድ የተባለና ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። ኋላም በተደረገ ጥናት ይኸው ባክቴሪያ በአዲስ አበባና በጅማ በታመሙ ሕፃናት ላይ ታይቷል።

ክሌብሲየላ የተባለው ደግሞ በሆስፒታል የተኛውን ሕመምተኛ፣ ይልቁንም ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃን ያጠቃል። ጤነኛ የነበረውን እንኳ የሚጥል ብርቱ ዝርያው በ1980ዎቹ በታይዋን ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 ይህ ብርቱ ዝርያ በመጨረሻ መጠባበቂያነት የተያዙትን መድኃኒቶች ጭምር እየተቋቋመ በልዩ ልዩ አገሮች መታየቱን አስታወቀ። በ2019 ብቻ መድኃኒትን በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል።

ክቡራን አንባብያን፤ ለትኩሳት ሁሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን አትግዙ፤ የታዘዘላችሁንም ሻል ሲላችሁ በገዛ እጃችሁ አታቋርጡ፤ ከጎረቤት የተረፈውን አትዋጡ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁም፣ ለሆስፒታል ውሃ፣ ሳሙናና የላቦራቶሪ ዕቃ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በፋይል መካከል አታሳድሩት። ላቦራቶሪ በሌለበት ሐኪሙ በግምት ለማዘዝ ይገደዳል፤ እጅ በማይታጠብበትም ተሐዋሲው ከአልጋ ወደ አልጋ ይተላለፋል።

የፍሌሚንግ ምሳሌ ባል የሚያደርሰውን ጥፋት አላወቀም ነበር፤ እኛ ግን አውቀናል። ሕፃንዋን አዝላ ከከሚሴ ወደ ደሴ የምትገሰግስ እናት የምትታመንበት መድኃኒት ሳይበላሽ ይቆያት ዘንድ ሁላችንም አደራ አለብን።