በሊቢያ ታግተው የተገደሉ ኢትዮጵያውያን መታሰቢያ

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው የሽብር ቡድን በሊቢያ ያገታቸውን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አሰራጨ። ከሟቾቹ መካከል የአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ይገኙበት ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፤ ሚያዝያ 14 ቀን በመስቀል አደባባይ ሕዝባዊ ሰልፍ ተካሄደ። በቂርቆስ ድንኳን ተተክሎ ልቅሶው የተቀመጠው ግን አስከሬን በሌለበት ነው፤ ለቤተሰብ ከዚህ የከበደ ሐዘን የለም።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የሊቢያ ባለሥልጣናት በሲርት አቅራቢያ ከጅምላ መቃብር የ34 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ማውጣታቸውን አስታወቁ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. በዚያው ቡድን በሊቢያ ለተገደሉት ግብፃውያን በአል አውር መንደር መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን የታነጸ ሲሆን፣ የ20ዎቹ አስከሬን በግንቦት 2010 ዓ.ም. አገራቸው ገብቶ በዚያው አርፏል።

ከአጣዬም ሆነ ከሌላ አካባቢ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ድምፁ የጠፋ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማመልከት፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፉ ቤተሰቦች ማፈላለጊያ አገልግሎት መመዝገብ ይችላል። የተፈላጊው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀንና ቦታ ለፍለጋው ይጠቅማሉ።