ከሶፍትዌሩ በፊት ቁጥሩ

ሰሞኑን የመንዝ ልጅ የሆነ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ስለ ጓሳ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችን ሰብስበው ኢንተርኔት ላይ ሊያኖሩ አስበዋል። «ጋሼ፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻለናል?» አለኝ። የታሪክ መምህር ምን ይመልሳል? ታሪክ ነገርኩት።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። መንዞች ጓሳን ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ ያለ ቀኑ ያጨደ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ስለ ቄሮ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው ተመራማሪዎች ከሽማግሌዎች አፍ የጻፉትን ነው። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነው። ጽሑፉም ከጠፋ ማንን እንጠይቃለን?

እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ለሃያ ዓመት ያህል ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሱ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ገባ። እያንዳንዱ መጽሐፍ «ኢኤምኤምኤል» ከሚል መለያ ጋር ቁጥር ተሰጠው። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለዓመታት የየመጽሐፉን ይዘት በካታሎግ አሰፈሩ።

ከዚያስ? ማይክሮፊልም ዘመኑ አለፈበት። ፊልሙ ወደ ዲጂታል ተገለበጠ፣ ኢንተርኔት ላይም ወጣ። ቁጥሩ ግን ያው ነው! ከ40 ዓመት በፊት የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ዛሬም ትክክለኛው ብራና ላይ ያደርሳል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ እንምጣ። ዲስፔስን ኤምአይቲና ኤችፒ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ነፃ ነው፣ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች የታወቀ ነው። ጥሩ ምርጫ ነው። ግን ሲጫን ለእያንዳንዱ ሰነድ በሚሰጠው አድራሻ ውስጥ 123456789 የሚል ቁጥር ያስገባል። ይህ የመሞከሪያ ቁጥር ነው። ተቋሙ የራሱን ቁጥር ካላስመዘገበ አድራሻው ከአገልጋዩ ኮምፒዩተር ውጭ አይታወቅም። የድረ ገጹ ስም የተለወጠ ዕለት፣ ተማሪው ዋቢ ያደረገው ሊንክ ሁሉ ይሞታል። ስንቶቻችን ነን እንዲህ ዓይነት ሊንክ ተጭነን ባዶ ገጽ ያየነው?

ስለዚህ ልጄን እንዲህ አልኩት፦ መጀመሪያ ቁጥራችሁን አስመዝግቡ። ሁለተኛ፣ ሌላ ከተማ ቅጂ አኑሩ። ሦስተኛ፣ ካታሎጉን በእውቀት የሚሠራ ሰው በቋሚነት ቅጠሩ። አገልግሎት ከድርጅት የምትገዙ ከሆነም፣ ስትለያዩ ሰነዱን ከነመግለጫው አውጥታችሁ መሄድ እንደምትችሉ ውላችሁ ላይ አስጽፉ።

ጓሳን ያቆየው አጥር አልነበረም፤ ጠባቂና ደንብ ነበር። ሶፍትዌሩ አጥሩ ነው።

እናንተስ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? እስቲ ፈልጉትና ንገሩኝ።