ያልሆነውን ማስታወስ፦ ልጆችን የመጠየቅ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1983 ማንሃተን ቢች በምትባል የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተማ አንዲት እናት በልጇ ላይ ጥቃት ደርሷል ብላ ለፖሊስ አመለከተች። ፖሊስም ልጁ ይውልበት በነበረው በማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላሏቸው ወደ 200 ለሚጠጉ ቤተሰቦች ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ተጠርጣሪውን በስም ይጠራል፤ የሚጠረጠረውን ድርጊት ይዘረዝራል፤ ልጅ ታስሮ እንደነበረ፣ በእንቅልፍ ሰዓት ከክፍል ተወስዶ እንደነበረ ልጆቻችሁን ጠይቁ ይላል። የዚያ ጉዳይ ዕጣ የተወሰነው በዚህ ደብዳቤ ይመስለኛል። ልጆቹ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ታሪኩ ተዘጋጅቶ በወላጆቻቸው እጅ ገብቶ ነበርና።

ቀጥሎ 400 ያህል ልጆች በአንድ ማዕከል በአሻንጉሊት እየተባበሉ ተጠየቁ። አላየሁም ያለ ልጅ ጓደኞችህ ሁሉ ነግረውናል ይባላል፤ አዎ ሲል ጎበዝ ይባላል። ውሎ አድሮ ወሬው ከመሬት በታች ስለተቆፈሩ ዋሻዎችና በአየር ላይ ስለሚበሩ ሰዎች ሆነ። ክሱ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በ1990 አንድም ሰው ሳይፈረድበት ተዘጋ።

የሚያሳዝነው፣ የእንዲህ ያለው አጠያየቅ አደጋ ከዚያ በፊት የታወቀ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ካርቶን ላይ በሙጫ የተለጠፈ የልብስ ቁልፍና ሌሎች ዕቃዎችን ለተማሪዎች አሳይቶ ስላዩት እንደጠየቃቸው ይናገራል። ያዩትን በራሳቸው ቃል የጻፉት ስህተታቸው ጥቂት ነበር። ቁልፉ የተሰፋበት ክር እንዴት ያለ ነበር ተብለው የተጠየቁት ግን ያልነበረውን ክር እስከ ቀለሙ ገለጹ። ዕውቀቱ ለ80 ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

በ1998 የታተመ አንድ ጥናት የማክማርቲንን አጠያየቅ ራሱን ፈተነው። ክፍል መጥቶ ተረት አንብቦ ስለሄደ እንግዳ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ልጆች ተጠየቁ። መሪ ጥያቄ ብቻ የቀረበላቸው 17 በመቶውን ተሳሳቱ። ሙገሳውና «ሌሎቹ ነግረውናል» የሚለው ሲጨመር ስህተቱ 58 በመቶ ደረሰ፤ ያውም አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ። ይህ ግን ትልቅን ሰው ለማስደሰት የተሰጠ መልስ እንጂ ትዝታ አይደለም የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው፤ ከማክማርቲን ልጆች አንዱ ካደገ በኋላ፣ በ2005፣ ያኔም እየዋሸ መሆኑን ያውቅ እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። ሁሉም ልጅ ግን እንዲህ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስቲቨን ሴሲና ባልደረቦቹ፣ ጣታቸው በአይጥ ወጥመድ ተይዞ ሐኪም ቤት ሄደው እንደሆነ ትንንሽ ልጆችን ለአሥር ሳምንታት ያህል ደጋግመው ሲጠይቁ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ያልሆነ ታሪክ አወሩ፤ ወሬው ሐሰት መሆኑ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ትዝ ይለኛል ብለው የሙጥኝ ያሉ ነበሩ።

ታዲያ ከልጅ ጋር ስላለፈው አለማውራት ይሻላል? በፍጹም። በኒውዚላንድ በተደረገ ጥናት የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች የመጀመሪያ ትዝታ በአማካይ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው የሆነ ነገር ሲሆን፣ አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው የአገሩ ሰዎች ግን ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነውን ነው የሚያስታውሱት። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ማኦሪዎች ላለፈው ነገር ከሚሰጡት ትልቅ ስፍራ ጋር ያያይዙታል። ስላለፈው መጨዋወት ትዝታን ያጸናል፤ የሚያበላሸው ታሪኩን የሚያመጣው ትልቁ ሰው ሲሆን ነው።

የልጅ ቃል አይታመንም የሚሉም ማክማርቲንን ምስክር ይጠራሉ፤ እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የማየው። ከፍርዱ በኋላ ከተናገሩት የጁሪ አባላት ብዙዎቹ ልጆች ሳይደፈሩ አልቀሩም ብለው ያምኑ ነበር፤ ግን ማን እንዳደረገው ከዚያ አጠያየቅ መለየት አልቻሉም። ቃል ማጉረስ ንጹሐንን ብቻ ሳይሆን፣ በእርግጥ የተጎዳ ልጅ ካለም እሱኑ ይበድላል። መውጫው ልጁን አለመስማት ሳይሆን አጠያየቁን ማስተካከል ነው። በ1955 ልጆችን የሚጠይቁ ልዩ መርማሪዎችን በሕግ ያቋቋመችው እስራኤል በ1990ዎቹ ለመርማሪዎቿ ሁሉ አንድ የአጠያየቅ ሥርዓት አወጣች። መርማሪው ልጁን «የሆነውን ሁሉ ንገረኝ» ይለዋል፤ የማታውቀው ከሆነ አላውቅም በል፣ ከተሳሳትኩም አርመኝ ብሎ አስቀድሞ ያስረዳዋል፤ ከዚያ ልጁ ራሱ ያነሳውን ቃል ይዞ «ከዚያስ?» እያለ ይከተለዋል።