የአእምሮ ጤንነት ጥበቃ፤ ከአማኑኤል እስከ አጅባር

ሥጋው የታመመ ሰው ሕመሙን በአፉ ይናገራል፤ ጎረቤቱም አይቶ ያዝንለታል። አእምሮው የታወከ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መታመሙን እንኳ ስለማያውቀው፣ ስለ እርሱ ሆኖ የሚናገርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ሲመረመር፣ ለሕመምተኛው ማን ቆመለት የሚለው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ይነሣል።

ዘመናዊው የአእምሮ ሕክምና በአገራችን ስሙ የተያያዘው ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ይህ ቤት፣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። በዐባይ ገባሮች ሸለቆ ከተቆራረጠው ደጋ፣ ከአማራ ሳይንቱ አጅባር ወይም ከቦረናው መካነ ሰላም ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ፣ ስንቅና አጃቢ፣ የመንገድ ገንዘብና በከተማው የሚያስጠጋ ዘመድ ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁሉ የሌለው ቤተ ሰብ ሕመምተኛውን ከቤቱ ያኖረዋል፤ ሲብስበትም ያስረዋል። የሚያስረውም ስለ ጠላው ሳይሆን፣ ገደል እንዳይገባበት ወይም ሰው እንዳይጎዳበት ፈርቶ፣ ሌላ መላም አጥቶ ነው።

ይሁን እንጂ የወሎ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ አልኖረም። ክርስቲያኑ ሕመምተኛውን ወደ ጠበል ይወስዳል፤ በወዳጃ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ በአባት መሪነት ለታመመው ዱአ ይደረጋል። ቅሬው ለሞተ ይቀብራል፤ ያዘነውን ያጽናናል። እነዚህ ልማዶች ሕመሙን ሁሉ ባይፈውሱ እንኳ፣ ሕመምተኛውና ቤተ ሰቡ ብቻቸውን እንዳይቀሩ አድርገዋል። ሐዘንና ጭንቀት የሚበረቱት በብቸኝነት ውስጥ ስለ ሆነ፣ ይህ ጥቅም እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም።

መንግሥት አገልግሎቱን ከዋና ከተማው ለማውጣት የጀመረው በ1979 ዓ.ም. ገደማ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአማኑኤል መሠልጠን በጀመሩ ጊዜ ነው። ሠልጣኞቹም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ታወቀ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት በዘርፉ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ስፔሻሊስቶች በውጭ አገር የተማሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የሚሠራበትን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣ። የስትራቴጂው ፍሬ ነገር፣ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው ከሌላው ሕክምና ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ ነው። በሶዶ ወረዳ የተደረገው ሥራ፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነውና የበላይ ባለሙያ እየተከታተላቸው ይህን ማድረግ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ከዚህ ታሪክ ለደቡብ ወሎ ደጋ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ይህ አገር የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሀብ አይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ጨምሮ ብዙ የደቡብ ወሎን ሥፍራ አዳርሷል። እንዲህ ያለ መከራ የሚተወው ቁስል በመድኃኒት ብቻ፣ ወይም በጸሎት ብቻ አይሽርም። በአዲስ አበባ ሐኪሞች ከጠበል አገልጋዮች ጋር ተስማምተው፣ ጠበሉን ሳያስተዉ መድኃኒት የሰጡበት ሙከራ፣ ሁለቱ መንገዶች አብረው መሄድ እንደሚችሉ መስክሯል።

እንግዲህ ወረዳው የራሱን መላ ሲያወጣ፣ ካህኑና ሼሁ፣ የቅሬው ዳኛ፣ መምህሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድ ሸንጎ ይቀመጡ። የታሰረ ሕመምተኛ በየትኛው ቤት እንዳለ ሐኪሙ ከማወቁ በፊት ቅሬው ያውቀዋል። ጤና ጣቢያው በበኩሉ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ይጠበቅበታል፤ አንድ ጊዜ ተሽሎት መድኃኒት በማጣት የተመለሰበት ሰው ቤተ ሰቡን ዳግመኛ ለማሳመን ይቸግራልና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። አንዲት እናት ልጇን ከገመድ ፈትታ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስድ፣ አብሯት የሚሄድ ጎረቤት ካገኘች፣ ከአዲስ አበባ የተጻፈው ስትራቴጂ አጅባር ደርሷል ማለት ይቻላል።